የቆመ ጣቢያ እንዴት ይነሣል?
ከዳሎል ሐዲድ እስከ መቐለ መስመር



አንድ ዩኒየን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ስለ ራሱ ሥራ መናገሩ የተለመደ ነው። ስንት መሠረታዊ ማኅበራትን አቀፈ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቀረበ፣ ለአባላቱ ምን ያህል የትርፍ ክፍፍል ከፈለ የሚለው በቁጥር ይዘረዘራል። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የማናነሣው አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም መጓጓዣ ነው። በሓወልቲ ክፍለ ከተማ ወይም በሌላው የመቐለ ዳርቻ መጋዘን ደጃፍ የሚራገፈው የማዳበሪያ ከረጢት ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ በጋላፊ ገብቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦና ዳገቱን ወጥቶ የመጣ ነው። የጭነት ዋጋው ከረጢቱ ላይ አይጻፍም፤ ሆኖም ከአርሶ አደሩ ኪስ ይወጣል። ሰሊጡም፣ ማሩም፣ የቅባት እህሉም ወደ ውጭ ሲሄድ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ይወርዳል።

ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔት ስለ ባቡር ጣቢያ መጻፋችን ከርእስ መውጣት አይደለም። ጣቢያ ሲከፈት፣ ሲዘጋና አንዳንዴም በሕዝብ ብርታት ዳግም ሲነሣ የታየባቸውን ጥቂት ታሪኮች በቅደም ተከተል እናቀርባለን። በመጨረሻም ታሪኮቹ በመቐለ ተጀምሮ ስለቀረው መስመር ምን እንደሚያስተምሩን እንመለከታለን።

የጨው መንገድና የዳሎል ሐዲድ

መቐለ ያደገችው በጨው ንግድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከተማዋን መቀመጫቸው አድርገው ቤተ መንግሥታቸውን ሲያሠሩባት፣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ በበራሕለ በኩል ወደ ደጋው ይመጣ ነበር። ይህ የነጋድያን ጉዞ አርሆ ይባላል። አሞሌው ለወጥ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብም ሲያገለግል ኖሯል። አርሆ የሚወርድ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ውሃውን፣ ስንቁን፣ የእንስሳቱን መኖና የመንገዱን ስጋት ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። የዛሬው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሕግ ከመጻፉ በፊት ሕዝቡ ሸክምን በኅብረት መሸከም ያውቅበት ነበር ለማለት ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በዚያው የጨው ምድር ባቡር እንደነበረ የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በዳሎል አካባቢ የሚገኘውን ፖታሽ ለማውጣት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከመርሳ ፋጡማ ተነሥቶ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል እስከሚርቅ ስፍራ የሚደርስ ጠባብ ሐዲድ ዘረጉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1918 ተጠናቀቀ። የሐዲዱ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ ከጀርመንና ከሌሎች አገሮች የሚመጣው ፖታሽ ገበያውን ሲሞላው የዳሎሉ ሥራ ቆመ። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1929 ድረስ 25,000 ቶን ያህል ተቆፍሮ በዚሁ ሐዲድ ወደ ባሕር ወረደ፤ ከዚያ ግን ሥራው አልዘለቀም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ሐዲዱን ነቅለው ወሰዱት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፖታሽ ማለት ማዳበሪያ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከእኛው ቆላ የማዳበሪያ ማዕድን በባቡር ወጥቶ ለባዕድ አገር እርሻ ሄደ፤ ዛሬ የእኛ አርሶ አደር ማዳበሪያን ከባሕር ማዶ በመርከብና በመኪና ያስመጣል። የዳሎሉ መስመር የተሠራው ለአንድ ጭነትና ለአንድ ገዥ ነበር። ገዥው ፊቱን ሲያዞር መስመሩ ሌላ የሚጭነው አላገኘም፤ በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብም በመስመሩ ላይ ድርሻ ስላልነበረው ሐዲዱ ሲነቀል “ለምን?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጣቢያ ከተማ ሲወልድ

ትልቁ የአገራችን የባቡር ታሪክ የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዛዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ መስመሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላልቻለ ከተራራው ግርጌ ጣቢያ ተሠራ፣ ጣቢያው ከተማ ወለደ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ ውል ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከ 784 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር የተሠራው አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ነበር። የአዲስ አበባው ትልቅ ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሕዝቡም ከፈረንሳይኛው ስም ወስዶ “ለገሃር” አለው።

በነጋዴ ጉዞ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በመጀመሪያዎቹ የባቡር ዘመናት ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ያድር ነበር። ቡናው፣ ቆዳው፣ የቅባት እህሉ በፉርጎ ወረደ፤ ጨርቁ፣ ቆርቆሮው፣ ነዳጁ በፉርጎ ወጣ።

ለእኛ ለገጠር ሰዎች የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ያለው በትንንሾቹ ጣቢያዎች ነው። በሞጆ፣ በመተሐራ፣ በሚኤሶና በሌሎችም ባቡሩ ባቆመ ቁጥር ገበያ ይቆም ነበር። ወተት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬና ጫት በመስኮት ይሸጣል፤ እህል ነጋዴው የፉርጎውን መምጫ ቀን እያሰበ ይሸምታል። አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ ምርቱን ወደ ሩቅ ከተማ ሳይወስድ ሩቁ ከተማ ራሱ ወደ እርሱ ደጃፍ ይመጣለት ነበር።

ጣቢያዎቹ ለምን ዝም አሉ?

ጣቢያ በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ጭነቱ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ጥገናው ይዘገያል፤ በመጨረሻ መንገደኛው ተስፋ ይቆርጣል። የጅቡቲው መስመርም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የአሰብ ወደብ ከተስፋፋና አስፋልቱ ከተሠራ በኋላ የጭነት መኪና የባቡሩን ሥራ ተሻማ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የኢትዮ–ሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ በጠመዝማዛ ድልድይ ላይ በፍጥነት ሲጓዝ የነበረ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮ–ኤርትራ ጦርነት በኋላ የአገሪቱ የገቢና ወጪ ጭነት ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህ ለባቡሩ ትልቅ ዕድል በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ሐዲዱ ያረጀ፣ ሎኮሞቲቩ ያነሰ፣ መለዋወጫው የጠፋ ስለነበር ዕድሉን መኪናው ወሰደው። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የጥገና ሥራ ቢጀመርም መስመሩን አላዳነውም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው አገልግሎት ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ አልፎ አልፎ ባቡር ቢንቀሳቀስም በምዕራቡ ክፍል ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች በሮቻቸው ተዘጉ፣ በሐዲዱ መካከል ሣር በቀለ።

አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መስመር በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈጣንና ብዙ የሚሸከም በመሆኑ ለአገር ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አዲሱ መስመር የአሮጌውን ጣቢያዎች አልተጠቀመም። የአዲስ አበባው መነሻ ለገሃር መሆኑ ቀርቶ ለቡ ሆነ፤ የድሬዳዋውም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ባቡሩ ተመለሰ፤ በመስኮት ሲሸጥ የኖረው ገበያ ግን አልተመለሰም። ጣቢያ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ ቢነሣ ዋጋ የለውም።

ሽማግሌዎቹ የመለሱት ሐዲድ

በቅርባችን ያለው የትንሣኤ ታሪክ የምፅዋ–አስመራ መስመር ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1887 ከምፅዋ ጀምረው በ1911 አስመራ አደረሱት፤ በኋላም ወደ ከረንና ወደ አቆርደት ቀጠሉት። በምፅዋና በአስመራ መካከል ያለው 118 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ በዋሻና በድልድይ የተሞላ ነው። ከትግራይ ለሥራ ወደ አስመራ ለሚሻገረው ሰው ባቡሩና “ሊቶሪና” የሚባለው ባለ ሞተር ፉርጎ እንግዳ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ጦርነቱ ሲበረታ መስመሩ ቆመ፤ ሐዲዱና ብረቱ ተነቅሎ ለምሽግ ዋለ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የውጭ ባለሙያዎች ለመልሶ ግንባታው የጠየቁት ገንዘብ ከአቅም በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራው በአገር አቅም ተጀመረ። ጡረታ የወጡ፣ ብዙዎቹ ከሰባና ከሰማንያ ዓመት ያለፉ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች ተጠርተው መጡ። ከምሽግ የወጣውን ሐዲድ አቃኑ፣ የዛጉትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በአሮጌው ጋራዥ ፈትተው ገጠሙ፣ የሚጎድለውን ዕቃ በእጃቸው ቀጠቀጡ፣ ለወጣቱም ሙያውን አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሩ እንደገና አስመራ ደረሰ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ሙያን የያዘ ሽማግሌ እስካለ ድረስ የሞተ የሚመስል ነገር ሊነሣ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሐዲድ መመለስ ብቻውን በቂ አይደለም። ያ መስመር ከተመለሰ በኋላ ያገለገለው ይበልጡን ለጎብኚዎች ጉዞ ነው፤ እንደ ዱሮው የጭነት ጅማት ሊሆን አልቻለም። ሰዎቹ ባቡሩን መለሱት፤ ጭነቱን ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

ስምንቱ የገጠር ጣቢያዎች

ሕዝብ በዘመቻ የዘጉበትን ጣቢያ ስላስከፈተበት ሁኔታ ለማወቅ ወደ ሰሜን እንግሊዝ እንሂድ። ሴትል ከምትባል ትንሽ ከተማ እስከ ካርላይል በተራራማ የበግ አርቢዎች አገር የሚያልፍ 116 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የምድር ባቡሩ ድርጅት “አያዋጡም” ብሎ በመካከል ያሉትን የገጠር ጣቢያዎች ዘጋ። ባቡሩ ያልፋል፤ ለገጠሩ ሰው ግን አይቆምም።

የአካባቢው የብሔራዊ ፓርክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ብልሃት ዘየደ። ጣቢያዎቹ ይከፈቱ ብሎ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ለተወሰኑ የዕረፍት ቀናት ባቡር ተከራይቶ በተዘጉት ጣቢያዎች እንዲቆም አደረገ። መንገደኛ ተገኘ። “ሰው የለም” የሚለው ክርክር በተግባር ወደቀ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱ መስመሩን በሙሉ ለመዝጋት አሰበ። ዋነኛው ምክንያት 24 ቅስቶች ያሉት አንድ ትልቅ የድንጋይ ድልድይ ተጎድቷል፣ ጥገናውም እስከ ስድስት ሚሊዮን ፓውንድ ይፈጃል የሚል ነበር። ሕዝቡ ማኅበር አቋቁሞ ተቃውሞውን በጽሑፍ አቀረበ፤ ከ22,000 በላይ ተቃውሞ ተመዘገበ። ከእነዚህ መካከል የአንድ ውሻ የእግር ዱካ ይገኝበታል፤ ውሻው ሒሳብ እየተከፈለለት በባቡሩ ይሄድ ስለነበር እንደ መንገደኛ ተቆጠረለት። ነገሩ ቢያስቅም መልእክቱ ቀልድ አልነበረም፤ አገልግሎቱን የሚጠቀም ሁሉ ይቆጠር ማለት ነው። ትግሉ ሳያበቃ እ.ኤ.አ. በ1986 ስምንት የገጠር ጣቢያዎች እንደገና ተከፈቱ። በ1989 መንግሥት መስመሩ እንዳይዘጋ ወሰነ። ድልድዩም ሲጠገን ወጪው ከተፈራው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ዘመቻው የረታው በጩኸት ብቻ አልነበረም። ተጠቃሚው በቁጥር ቀረበ፤ የወጪው ግምት እንደ ሰማይ ቃል ሳይወሰድ ተመረመረ፤ ትንሽ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ ታየ።

ያልተጠናቀቀው የመቐለ መስመር

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ከታቀዱት መስመሮች አንዱ መቐለን በወልዲያ አቅራቢያ ካለችው ሐራ ገበያ፣ ከዚያም በኮምቦልቻ አድርጎ ከአዋሽ ጋር የሚያገናኘው ነው። በ2004 ዓ.ም. የመቐለ–ሐራ ገበያው ክፍል ለቻይናው የኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ፣ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያው 390 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍል ደግሞ ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ተሰጠ። አፈር ተቆረጠ፣ ዋሻ ተበሳ፣ የድልድይ ምሰሶ ቆመ። መስመሩ በሚያልፍበት የነበሩ አርሶ አደሮችም የእርሻ መሬታቸውን ለቀቁ።

ከዚያ የገንዘብ እጥረት ሥራውን አዘገየው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ደግሞ ጨርሶ አቆመው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተኩስ ቢቆምም ጦርነቱ ያወደመው ብዙ ስለነበር የባቡሩ ነገር ከጤና ጣቢያ፣ ከትምህርት ቤትና ከዘር እጦት ኋላ ተሰለፈ። ይህ የሚገባ ቅደም ተከተል ነው። ነገር ግን ኋላ መሰለፍና ከሰልፉ መውጣት አንድ አይደሉም።

የመቐለው መስመር እንደ ሞጆ ወይም እንደ ሚኤሶ አሮጌ ጣቢያ አገልግሎ የተዘጋ አይደለም፤ ሳይከፈት የቆመ ነው። የሚያሰጋው ግን አንድ ነው። ጎርፍ የተቆረጠውን አፈር ይሸረሽራል፣ ብረት ይሰረቃል፣ ሰነድ ይጠፋል፣ የሠሩት ባለሙያዎች ይበተናሉ። ውሎ አድሮ “ይህ አያዋጣም” የሚል ሪፖርት ሲመጣ የሚመልስለት ማስረጃ የያዘ ሰው ይጠፋል። መሬቱን ለቅቆ ባቡሩን ያላየው አርሶ አደር ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከስራል።

ከማኅበራት ምን ይጠበቃል?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ባቡር አይሠሩም፤ ብድርም አይደራደሩም። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ተመሥርተው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተጠናከሩት ማኅበራት ከመሠረታዊ ማኅበር እስከ ዩኒየንና ፌዴሬሽን የተያያዘ መዋቅር አላቸው። ይህ መዋቅር ግለሰብ አርሶ አደር ሊሠራው የማይችለውን ሊሠራ ይችላል። ካየናቸው ታሪኮች የሚከተሉት ቁም ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ጭነታችንን እንወቅ። በየዓመቱ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደሚገባ፣ ስንት ኩንታል ሰሊጥ፣ ጥራጥሬና ማር እንደሚወጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚበዛና ለኩንታል ምን ያህል የመጓጓዣ ዋጋ እንደሚከፈል የሚያሳይ መዝገብ በየዩኒየኑ ይኑር። ዳሎል በአንድ ጭነት ቆሞ በአንድ ጭነት ወደቀ፤ የእኛ ጭነት ብዙ ዓይነት መሆኑ ብርታት ነው፣ ካልተቆጠረ ግን አይታይም።

ሁለተኛ፣ ያለው ይጠበቅ። መስመሩ በሚያልፍባቸው ቀበሌዎች የተሠራው ድልድይና የተቆረጠው መንገድ እንዳይፈርስ፣ ብረቱ እንዳይዘረፍ፣ ውሃ መውረጃው እንዳይደፈን ማኅበራት ከአስተዳደሩ ጋር ሆነው ሊከታተሉ ይችላሉ። የአስመራ ሽማግሌዎች ሐዲዱን ከምሽግ ለቅመው ማውጣት ነበረባቸው፤ እኛ ከመነቀሉ በፊት እንድረስ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጣቢያው ቦታ ከአሁኑ እንናገር። ለመጋዘንና ለገበያ የማይመች ሩቅ ጣቢያ ጭነቱን እንደገና ለመኪና ይሰጣል። የገጠር ወረዳዎችም መጫኛ ቦታ ይኑራቸው ብሎ መጠየቅ መብት ነው፤ ጥያቄው የሚሰማው ግን ንድፉ ሲከለስ እንጂ ሲመረቅ አይደለም።

አራተኛ፣ ሙከራ ይደረግ። ማኅበራት ጭነታቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ የሚሠራው የጅቡቲ ባቡር እስከሚደርስበት ጣቢያ በባቡር፣ ከዚያ በመኪና ቢያስመጡ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ወይም እንደሚያከስር በአንድ የምርት ዘመን ማስላት ይቻላል። ውጤቱ የማያዋጣ ቢሆን እንኳ እውነቱን ማወቅ ትርፍ ነው።

ለአካባቢ መስተዳድር ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለን። መሬታቸውን ለለቀቁት አርሶ አደሮች የተከፈለውና ያልተከፈለው ካሳ በግልጽ ተመዝግቦ ይቀመጥ። ሥራው ነገ ሲቀጥል የመጀመሪያው ጥያቄ እርሱ ነው፤ በእምነት ያልተጀመረ ልማት በእምነት አይጠናቀቅም።

አባቶቻችን “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ” ይላሉ። አርሆ የወረደው አያታችን ጨውን በኅብረት ወደ መቐለ አወጣ። የድሬዳዋ ጣቢያ ሜዳን ከተማ አደረገ። የአስመራ ሽማግሌዎች ከምሽግ ሐዲድ አወጡ። የእንግሊዝ በግ አርቢዎችና ጎረቤቶቻቸው ስምንት በር አስከፈቱ። የመቐለ መስመር የሚነሣበት ቀን መቼ እንደሆነ በእኛ እጅ አይደለም፤ ያ ቀን ሲመጣ መዝገቡን፣ ጭነቱንና ጥያቄውን አዘጋጅቶ መገኘት ግን በእኛ እጅ ነው። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል መጽሔት ከሚወጡት ቁጥሮች አንዱ የጭነታችን መዝገብ እንዲሆን እየተመኘን፣ ለአባላት ሁሉ መልካም በዓል እንላለን።